ሃይላንዱ ሙሉ ነው፦ የአረጋውያን መጦሪያን በምን እንመዝነው?

ጅማ ካሉት የአረጋውያን መጦሪያዎች በአንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ክረምት ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አራት አልጋ ያለበት ክፍል ገባሁ። ግድግዳው ሰሞኑን ቀለም ተቀብቷል፣ ወለሉ በበረኪና ታጥቧል። ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ አንዲት እናት ተኝተዋል። ኮመዲኖው ላይ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ተቀምጧል። መጀመሪያ አይቼው አለፍኩ። ሁለተኛ ሳየው ክዳኑ እንደታሸገ ነው፤ ኮመዲኖውም ቢንጠራሩ ከእጃቸው አንድ ክንድ ያህል ይርቃል።

«እማማ፣ ውሃ ላቀብልዎ?» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ» አሉኝ። ዝም ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፦ «ከጠጣሁ ሌሊት ማን ያነሳኛል?»

«በየአልጋው የመጠጥ ውሃ አለ ወይ?» የሚል ቅጽ የያዘ ተቆጣጣሪ በዚያች ሰዓት ቢገባ «አለ» ብሎ ምልክት አድርጎ ይወጣል፤ አልዋሸም። እኔም ሁለተኛ ባላይ ኖሮ «ንጹሕ ክፍል፣ ውሃ ያለበት» ብዬ ነበር የምጽፈው።

ስለ መጦሪያ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ደግነት ነው። መቄዶንያን የምናውቅበት «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አስተባብሯል፤ እውነትም ነው። ለመርዳት በቂ ነው። እርዳታው እማማ ጋ መድረሱን ለማወቅ ግን ሰው መሆን ብቻ አይበቃም፤ መቁጠር ያስፈልጋል። ጅማ ደግሞ መቁጠርና መመዘን የማታውቅ ከተማ አይደለችም። ሂርማታ ገበያ ቡና ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ የጆንያውን አፍ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። ናሙናው ከመሐል ይወጣል፣ ፍሬው ይታያል፣ ተቆልቶ ተፈልቶ ይቀመሳል። በኢትዮጵያ የቡና ደረጃ አወጣጥ ከመቶው ነጥብ የሚበልጠው የሚሰጠው ለሲኒው ነው እንጂ ለጥሬው መልክ አይደለም። ለመጦሪያ ግን እስካሁን ነጥብ የምንሰጠው የጆንያውን አፍ አይተን ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት መጦሪያ በሁለት ወንበር መካከል የወደቀ ተቋም መሆኑ ነው። ውስጡ ያለው ሰው ሕመምተኛ ነው፤ ተቋሙ ግን ሆስፒታል አይደለም። ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በበጎ አድራጎት ስለሆነ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ዓመታዊ የሥራና የሂሳብ ሪፖርት ያቀርባሉ። ሪፖርቱ ስንት ኩንታል ጤፍ እንደገባና ስንት አረጋዊ እንደተረዳ ይናገራል። የእማማ ተረከዝ መቁሰል አለመቁሰሉን አይናገርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። የአፍሪካ ኅብረት በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተቀበለው የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል ደግሞ ይበልጥ ይቀርባል፤ በማዕከል የሚኖር አረጋዊ የሚያገኘው እንክብካቤ አገር አቀፍ ዝቅተኛ መስፈርት ያሟላ ይሁን ይላል። መስፈርት ግን ወረቀት ነው። ቁም ነገሩ ማን፣ መቼ፣ ምን ያያል የሚለው ነው።

ቤይሩት የተወለደው አርመናዊ ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን በ1966 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሕክምና ጥራት ትምህርት መነሻ ነው። ነገሩን በሦስት ይከፍለዋል፤ በእኛ አነጋገር ያለው፣ የሚደረገውና የሚገኘው ልንለው እንችላለን። ሃይላንዱ ያለው ነው። ክዳኑን ከፍቶ፣ ቀና አድርጎ ማጠጣት የሚደረገው ነው። የከንፈር መሰንጠቅ፣ የሽንት መጥቆር፣ ድንገት መቀባዠር የሚገኘው ነው። ሰው ሲያረጅ የጥም ስሜቱ ስለሚደክም ሰውነቱ ውሃ እየፈለገ «ጠማኝ» ላይል ይችላል። ስለዚህ አለመጠየቃቸውን እንደ መጥገብ መቁጠር አይቻልም። ጉብኝታችን ሁሉ የሚያልቀው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ቴሌቪዥን፣ የተለገሰ ፍሪጅ። ፎቶ የሚነሳውም እሱ ነው።

ወረቀቱስ? እዚያው ቤት ውስጥ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሰዎች በየሁለት ሰዓቱ መገላበጣቸው የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ በር ላይ ተለጥፏል። ደስ አለኝ፤ ቀርቤ አየሁት። ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ ፊርማው ግን የማታውን 12 ሰዓት አልፎ ሄዷል። የፈረመችውን ልጅ አልወቅሳትም። ለአሥራ ምናምን ሰው ብቻዋን ናት፤ ሰንጠረዡን የሰጣት ሰው ደግሞ የሚጠይቃት ፊርማውን እንጂ መገላበጡን አይደለም።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ነገሩን ቀድመው ለመለካት ሞክረዋል። በ1987 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጡት ሕግ እያንዳንዱ የመጦሪያ ነዋሪ በየጊዜው በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲመረመር፣ ተቆጣጣሪም ሳይናገር እንዲመጣ አደረጉ። በ2008 መጦሪያዎችን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ መስጠት ጀመሩ። ስንት ሠራተኛ እንዳለ የሚናገረው ግን ራሱ መጦሪያው ነበር፤ ሰው በሌለበት ኮከብ በዛ። ቆይተው ከ2016 ጀምሮ ቁጥሩ ከደመወዝ መዝገብ እንዲወሰድ አዘዙ፤ ደመወዝ ያልተከፈለው ሰው እንዳልነበረ ይቆጠራልና። የማረጋጊያ መድኃኒትን ጉዳይም ተመልከቱ። የመርሳት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ዝም ለማሰኘት መድኃኒት በዝቶ ይሰጣል ተብሎ ቁጥሩ ይፋ መውጣት ሲጀምር፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ከቆጠራው ውጭ ስለነበር በስተርጅና «ስኪዞፍሬኒያ አለበት» የሚባል ሰው በረከተ። ያን ሁሉ ገንዘብና ተቆጣጣሪ ይዘው እንዲህ ከሆኑ፣ እኛ በር ላይ በተለጠፈ ሰንጠረዥ ልንተማመን አንችልም። ኮከቡም ለጅማ አይረባም፤ እዚያ ቤተሰብ ኮከብ አይቶ ይመርጣል፣ እዚህ ጧሪ ቀባሪ የሌለው ሰው ምን መርጦ? አንድ ኮከብ የተሰጠው ቤት ለጋሽ ይሸሸዋል፣ እማማ ያችንም አልጋ ያጣሉ። መለኪያ ያስፈልገናል ስል ለማሳጣት አይደለም። የሌሊት ተረኛ ልጨምር ወይስ ግድግዳ ልቀባ እያለ ለሚያመነታ ሥራ አስኪያጅ መልስ እንዲሰጠው ነው።

ሰንጠረዡ መዋሸቱን ለማወቅ ሌባ መያዝ አያስፈልግም፣ ሒሳብ ይበቃል። አሥር የአልጋ ቁራኛ አሉ እንበል። ከማታ 12 እስከ ጠዋት 12 ሰዓት በየሁለት ሰዓቱ ለመገልበጥ እያንዳንዱ ስድስት ጊዜ ይነካል፤ ስድሳ ጊዜ ማለት ነው። ሰውን ሳይጎትቱ ለማዞር ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የረጠበ ካለ ማጽዳት፣ ዳይፐር ወይም ጨርቅ መቀየር፣ ትራስ መደገፍ አለ። በመጠኑ አሥር ደቂቃ ብንለው 600 ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ሰዎች ከአሥራ ሁለቱ ሰዓት አሥሩን ሳይቀመጡ ይሠራሉ። ታዲያ ሌሊት አንድ ተረኛ ብቻ ባለበት ቤት ስድሳው ፊርማ ከሞላ፣ ሰንጠረዡ የሚነግረን ስለ መገላበጥ ሳይሆን ስለ እስክሪብቶ ነው። ጎብኚ አንድ ጥያቄ ብቻ ለመጠየቅ ቢፈቀድለት «ትናንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማን ነቅቶ ነበር፣ ስንት ሆናችሁ?» ብሎ ይጠይቅ።

ወረቀት ይዋሻል፤ ገላ ግን አይዋሽም። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው አጥንት ለቆዳ በሚቀርብበት ቦታ ነው፤ ከወገብ በታች ጅራት አጥንት ላይ፣ ዳሌ ላይ፣ ተረከዝ ላይ። መማሪያ መጻሕፍቱ «መጀመሪያ ቀይ ሆኖ ይታያል፣ ሲጫኑት አይነጣም» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ ቀዩ ላይታይ ይችላል። በእጅ ነው የሚታወቀው፤ ከዙሪያው ይልቅ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ፣ ሲጠነክር ወይም ሲላላ፣ ወይ ሰውየው ሲነካ ሲሸማቀቅ። ቆዳው ተከፍቶ እስኪታይ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል። ስለዚህ «ቁስል ያለበት ሰው አለ?» ከማለት «ቁስሉ እዚህ ከገባ በኋላ ያወጣው ስንቱ ነው?» ማለት ይሻላል። ከመንገድ ላይ ቆስሎ የመጣውን ሰው ቁስል በማዕከሉ ላይ መጻፍ ግፍ ነው፤ በማዕከሉ አልጋ የወጣውን በዕድሜ ማሳበብ ደግሞ ሌላ ግፍ።

ክብደት ሁለተኛው ነው። በአንድ ወር ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ፣ በስድስት ወር ደግሞ 10 በመቶ ሳያስብበት የቀነሰ አረጋዊ ሊመረመር ይገባዋል። 48 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት በወር 2.4 ኪሎ ማለት ነው፤ በቀሚስ ላይ አይታወቅም። መቆም የማይችል ሰው እንዴት ይመዘናል ትሉኛላችሁ። ጅማ ውስጥ ባስኩላ የሌለው የቡና መጋዘን የለም። ሰውየውን ከነዊልቸሩ ማውጣት፣ ከዚያ የዊልቸሩን መቀነስ፤ የጆንያውን እንደሚቀንሱት ነው። ከመኝታው የማይነሳውን ደግሞ በሜትር መለካት ይቻላል፤ የባቱ ዙሪያ ከ31 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ጡንቻው እየሟሸሸ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ሜትር ከልብስ ሰፊ ይገኛል። የሚጎድለው በየወሩ መጀመሪያ ተመሳሳይ ደብተር ላይ የሚጽፍ ሰው ነው።

ሦስተኛው የመድኃኒት ካርቶን ነው። ብዙ ማዕከሎቻችን አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን በአንድ ግቢ ስለሚይዙ ላርጋክቲል፣ ሃሎፔሪዶል፣ ዲያዚፓም የመሳሰሉ ማረጋጊያዎች አይጠፉም፤ ለሚገባው ሰው አስፈላጊ ናቸው። ለማን እንደታዘዘ፣ ማን እንዳዘዘው፣ መቼ እንደሚከለስ ካልታወቀ ግን መድኃኒቱ ገመድ ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2005 (እ.ኤ.አ.) ስለ አዳዲሶቹ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች፣ በ2008 ደግሞ ስለ ላርጋክቲልና ሃሎፔሪዶል ዓይነት አሮጌዎቹ ያስጠነቀቀው የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን የመሞት ዕድልን ስለሚጨምሩ ነው። ክፍሉ ከጠዋት እስከ ማታ ጸጥ ካለ «እንዴት ሰላማዊ ቤት ነው» ከማለት በፊት ሰዎቹ ለምን እንደተኙ መጠየቅ አይከፋም።

በጅማ አየር ደግሞ የራሷ የሆነች መለኪያ አለች፤ አንሶላ። እዚህ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ማብቂያ ድረስ ይጨቀጭቃል። በሐምሌ የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ስለዚህ ለአንድ አልጋ ሁለት አንሶላ ያለው ቤት በጥር ንጹሕ፣ በነሐሴ የረጠበ ይሆናል፤ ሠራተኛው ሳይለወጥ፣ ፍቅሩ ሳይቀንስ። ጉብኝት የሚበዛው ግን በበጋ ነው።

ስለ ድግሱ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ልደት፣ ምርቃት፣ ሠርግ፣ ተዝካር፣ ሰደቃ፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ፕሮግራሙም የሚወድቀው እሑድ ላይ ነው። አንድ እሑድ ሁለት ድግስ ይደራረባል፣ ረቡዕ ማታ ስስ ሽሮ። እንግዳ ሲመጣ ንግግር አለ፣ ኬክ መቁረስ አለ፣ ለቲክቶክ የሚቀረጽ ቪዲዮ አለ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የስኳር ክኒናቸውን፣ ግሊበንክላማይዱን፣ የዋጡ አባት ምሳው እስከ 8 ሰዓት ሲዘገይ ስኳራቸው ወርዶ ሊያልባቸው፣ ሊንቀጠቀጡ፣ ራሳቸውንም ሊስቱ ይችላሉ። ከዚያ ሲያገግሙ ኬክና ለስላሳ ይቀርብላቸዋል። ሌላም አለ፤ ጅማ ናትና ሥጋው ማን ያረደው ነው? ለጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ሙስሊሙ አባት፣ ለጋሹ ሙስሊም ከሆነ ኦርቶዶክሷ እናት በድግሱ ቀን ዳቦ ይበላሉ። ወጥ ቤቱ ይህን አስቀድሞ ካሰበበት ያ ቤት ሰውን በስሙ የሚያውቅ ቤት ነው። ለእኔ ይህች አንዲት ምልክት ከፍሪጅ ትበልጣለች። ለጋሾችን አትምጡ አልልም፤ የእሑዱን በሬ ግማሽ ዋጋ ለረቡዕ እንቁላልና ለሌሊት ተረኛ ደመወዝ ቢያደርጉት ግን ቪዲዮው ባይደምቅም ሰውየው ይጠግባል።

የቀረው ራሳቸውን መጠየቅ ነው፤ የሚከብደውም እሱ ነው። «እንዴት ይዘዋችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ «ተመስገን» ነው፣ ወይም «አልሐምዱሊላህ»። አረጋውያን ምን ያህል እንደረኩ በመጠይቅ ብንለካ ሁሌም መቶ በመቶ እናገኛለን። ምስጋናው ውሸት አይደለም፤ ከመንገድ ዳር ለተነሳ ሰው ጣራ ትልቅ ነገር ነው። ግን ምስጋና ለፈጣሪ ነው እንጂ ለአገልግሎቱ የተሰጠ ነጥብ አይደለም። በዚያ ላይ ተንከባካቢዋ አጠገባቸው ቆማ ማን የበላበትን ወጪት ሰባሪ ይባላል? ስለዚህ ስለ ስሜት ሳይሆን ስለ ትናንት መጠየቅ ይሻላል። ትናንት ራት ምን ነበር? ለመጨረሻ ጊዜ ገላዎን የታጠቡት መቼ ነው፣ ማን አጠበዎት? ወንድ ነው ሴት? ሌሊት ሲጣሩ ማን መጣ? ከዚህ ሰዎች ውስጥ ስምዎን የሚያውቅ አለ? እነዚህ ምስጋናን አይነኩም፤ ማንም በማንም ላይ አልተናገረም። መልሱ ግን ይናገራል።

ቋንቋውም ይታሰብበት። እዚህ መጦሪያ ውስጥ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ዳውርኛ፣ ካፊኛ፣ የምኛ የሚናገር አረጋዊ ጎን ለጎን ሊተኛ ይችላል። የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው ደግሞ በኋላ የተማረውን ቋንቋ አስቀድሞ ሊያጣ ይችላል። ሃያ ዓመት በአማርኛ ገበያ የዋለ ሰው ሕመሙን የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ሲሆን፣ ተረኛዋ ካልገባት «ይለፈልፋል» ተብሎ ይመዘገባል። ከመመዝገቢያው ወደ ላርጋክቲሉ ያለው መንገድ አጭር ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ማን ይቁጠር? የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም በ1983 (እ.ኤ.አ.) ሲመሠረት ትምህርቱን ማኅበረሰብ ውስጥ አድርጎ ነው የተነሳው፤ ዛሬም የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያና መንደር ይወጣሉ። መጸዳጃ ቤት ይቆጥራሉ፣ ሕፃናት ይመዝናሉ። የመጦሪያ አልጋ ከዚያ ዝርዝር የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም። የነርሲንጉ ተማሪ ቆዳ ያያል፣ የፋርማሲው ካርቶኑን ይከልሳል፣ የዓይን ክፍሉ ደግሞ «በእርጅና ታውሯል» ተብሎ ከተቀመጠው ሰው ውስጥ በሞራ ግርዶሽ የታወረውንና በቀዶ ሕክምና ሊያይ የሚችለውን ይለያል። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ቢሆን እንኳ ከዓመት ዓመት የሚነጻጸር ደብተር ይኖረናል።

የሌሊቱ ግን ለተማሪ አይሆንም፤ ለእሱ እድር አለን። እድር በሞት ጊዜ ድንኳንና ቀባሪ ያዘጋጃል፤ ከየእድሩ ሁለት የታመኑ ሰው ተመርጠው በወር አንድ ቀን፣ ሳይናገሩ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ብቅ ቢሉ ቀባሪው ጧሪም ሆነ ማለት ነው። ቁልፍ ይዘው የሚገቡ ሳይሆኑ በሩን የሚያንኳኩ። ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚከፈት መጻፍ በራሱ መረጃ ነው።

አንድ ነገር በማዕከሎቹ ወገን ሆኜ ልናገር። ቡና ተሸክመው፣ ቡና ለቅመው ያረጁ ሰዎች ጡረታ የላቸውም፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ የመጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፣ የቀን ሠራተኛውን ደግሞ ያኔም አልያዘውም። ከመንገድ የተነሳ ሰው የቀበሌ መታወቂያ ስለሌለው የጤና መድኅን ውስጥ ለመግባት ይቸገራል፤ ስለዚህ የመድኃኒቱ ወጪ ተመልሶ ማዕከሉ ላይ ይወድቃል። በእንዲህ ያለ ኪስ ሦስተኛ የሌሊት ተረኛ መቅጠር ለምን እንደሚከብድ ይገባኛል። የቆጠራው ደብተር ለከተማው አስተዳደር የሚቀርብ ክስ ብቻ ሳይሆን የማዕከሉም ማስረጃ ነው፤ «ስጡን» ከሚለው ይልቅ «ለአሥር የአልጋ ቁራኛ ሁለት ሰው፣ አሥር ሰዓት» የሚለውን መልስ መንፈግ ይከብዳል።

ያን ቀን ከመውጣቴ በፊት ለሥራ አስኪያጁ ስለ ሃይላንዱ ነገርኩት። ደንገጥ አለ፤ ክፉ ሰው አይደለም። በሌላው ሳምንት ሐሙስ ስመለስ ኮመዲኖው ከአልጋው ጋር ተጠግቷል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ላላ ተደርጓል፣ መምጠጫ ቀሰምም ገብቶበታል። እማማ ሲያዩኝ ፈገግ አሉ፣ «ተመስገን ልጄ» አሉኝ። ሃይላንዱን አየሁት። እንደሞላ ነው።

«እማማ፣ ሌሊት የሚያነሳዎ ተገኘ?» አልኳቸው።

ወደ በሩ አዩና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።